ተጫንኩት፣ ከዚያስ?

ስለ ቀርፋፋ ዌብሳይት ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ ፍጥነት ላይ ያርፋል። ሰርቨሩን እናሳድገው፣ ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) እንጨምር፣ ካሽ እናድርግ (አንዴ የተሠራውን መልስ ለቀጣዩ እናስቀምጥ)። ልክ ነው፣ የሚቻለው ሁሉ ይደረግ። ግን ምንም ብንለፋ የማይፈጥኑ ሥራዎች አሉ። ባንክ ደርሶ የሚመለስ ክፍያ አለ። የዓመት ሪፖርት አለ። በሞባይል ዳታ የሚላክ የፓስፖርት ፎቶ አለ። እነዚህ ጊዜያቸውን ይወስዳሉ። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚያች ጊዜ ነው። ሰውዬው በተኑን ተጭኗል፣ መልሱ ገና አልመጣም። በዚህ መሀል ስክሪኑ ምን ይለዋል?

አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ክብ ትዞርለታለች። ሲብስ ደግሞ ምንም አይታየውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የሚጠብቅን ሰው ከምንም በፊት የሚያስጨንቀው "ያዘልኝ ወይስ አልያዘልኝም?" የሚለው ነው። ቀጥሎ "ድጋሚ ልንካው ወይስ ልተወው?" ይመጣል። ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚለው ከነዚህ በኋላ ነው። የምትዞረዋ ክብ ለሁለቱም መልስ የላትም። ሰርቨሩ ሥራውን ጀምሮም ትዞራለች፣ ኔትወርኩ ተቋርጦም ትዞራለች፣ ሰርቨሩ ወድቆም ትዞራለች። ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ጋር ምንም አያገናኛትም።

አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሲስተማቸውን እንድመለከትላቸው ጠርተውኝ ነበር። ቅሬታቸው "ወር አጋማሽ ላይ ደህና ነው፣ ወር መጨረሻ ላይ ይሞታል" የሚል ነው። ኮዱን ከመክፈቴ በፊት ወንበር ስቤ ከአንዲት አንጋፋ የሂሳብ ሠራተኛ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ፣ እኔ ዝም ብዬ ልይ" አልኳቸው። ወሩን መረጡ፣ "ሪፖርት አውጣ" የሚለውን ተጫኑ። ገጹ ላይ አንድም ነገር አልተቀየረም። በተኑ ቀለሙም ጽሑፉም እንዳለ ነው። ታቡ ጫፍ ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ ነገር ትዞራለች፤ እሷን ደግሞ እሳቸው አያዩዋትም፣ ዓይናቸው ያለው የነኩት ቦታ ላይ ነው። ትንሽ ጠበቁ። ደገሙት። አሁንም ነኩት።

"ምነው?" አልኳቸው።

"አልያዘም መሰለኝ ልጄ። አንዳንዴ ደጋግሜ ካልነካሁት አይሰማም።"

ከዚያ አዲስ ታብ ከፍተው፣ ያንኑ ገጽ አምጥተው፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

እኔ በዚህ ጊዜ ላፕቶፔ ላይ፣ ዳታቤዙ በዚያ ሰዓት እየሠራቸው ያሉትን ጥያቄዎች ዝርዝር እያየሁ ነበር። ያው አንድ ከባድ ጥያቄ ተደርድሯል፣ ሁሉም የሳቸው ነው። ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ሪኩዌስት ትቶ ሁለተኛውን ሲልክ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን አላቆመም፤ ማንም የማይጠብቀውን ሪፖርት እያወጣ ነው። ወር መጨረሻ ላይ በየቢሮው ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ አስቡት። ሲስተሙ ዝም ስላለ ሰው ይደጋግማል፣ ሰው ስለደጋገመ ሲስተሙ ይብስበታል፣ ሲብስበት ደግሞ ዝምታው ይረዝማል።

መጀመሪያ ያስተካከልነው በተኑን ነው። ገና ሲነካ ይደበዝዝና "የመጋቢት ሪፖርት እየተዘጋጀ ነው" ይላል፣ ከሥሩ ያለፈው ሰከንድ ይቆጠራል። ወሩን በስሙ መጥራቱ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ሲስተሙ የተባለውን በትክክል እንደሰማ የሚያሳየው እሱ ነው። ሰርቨሩ በኩል ደግሞ ያው ሰው ያንኑ ሪፖርት ድጋሚ ቢጠይቅ አዲስ አይጀመርም፣ ከተጀመረው ጋር ይያያዛል። ሪፖርቱ ራሱ በአንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጠነም። ወር መጨረሻ ላይ መሞቱ ግን ቀረ። ኢንዴክሱን የጨመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ምን ያህል እንደሚታገሥ የቆየ እውቀት አለ። ሮበርት ሚለር የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ ሰው ከኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር መልስ በምን ያህል ጊዜ ሊመጣለት እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፏል። የዌብሳይት አጠቃቀም ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን ደግሞ በ1993 ዛሬም ድረስ የምንጠቅሳቸውን ሦስት ቁጥሮች አስቀመጠ፤ 0.1 ሰከንድ፣ 1 ሰከንድ እና 10 ሰከንድ። ምላሹ በ0.1 ውስጥ ከመጣ ሰው በገዛ እጁ ያደረገው ያህል ይሰማዋል። እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱ ይታወቀዋል፣ ሐሳቡ ግን አይቆረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

የመጀመሪያዋ ቁጥር ለኛ ልዩ ትርጉም አላት። ሰርቨራችሁ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ከተቀመጠ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ብቻውን 0.1 ሰከንድ ይበላል፣ በሞባይል ኔትወርክ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ከሰርቨር መልስ ጠብቀን በዚያ ፍጥነት ምላሽ መስጠት አንችልም። ግን በተኑ እንደተነካ ለማሳየት ሰርቨር ምን ያደርጋል? ቀለሙን መቀየር፣ ጽሑፉን "እየተላከ ነው" ማድረግ፣ ድጋሚ እንዳይነካ መዝጋት፣ ይሄ ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ኔትወርኩ የፈለገውን ያህል ቢደክም ይሄኛው አይዘገይም። ይህን ያልሠራ አፕ ሳይ ከልቤ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

ስፒነሩን፣ ያችን የምትዞረዋን ክብ፣ ግን ለመታየት አታጣድፉት። መልሱ ቶሎ ከመጣ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ገጹ የተሰበረ ይመስላል። እኔ ሦስት መቶ ሚሊሰከንድ ያህል አቆየዋለሁ፤ መልሱ ከዚያ በፊት ከመጣ ጭራሽ አይታይም።

ከ1 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ የሚያስፈልገው አጭር፣ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ነው። "እባክዎ ይጠብቁ" ምንም አይናገርም። ሰውዬው እየጠበቀ ነው እኮ! "ሰነዱ ደርሶናል፣ እየተመረመረ ነው" ሲባል ግን የሚያውቀው ነገር አገኘ። ባዶ ግራጫ ሳጥኖች የሚያሳየው ስኬልተን የሚባለው ነገር የሚጠቅመው የሚመጣው ገጽ ቅርጹ የታወቀ ሲሆን ነው፣ የዕቃ ዝርዝር ወይም ዜና ሲከፈት። አንድ ነገር ሲላክ ግን ቦታው አይደለም፣ ሰውዬው የሚፈልገው የላከው መድረሱን ነው።

ጊዜው ሲረዝም ፐርሰንት የሚያሳይ ባር ይመጣል። ተመራማሪው ብራድ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባደረገው ጥናት ሰዎች ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳያቸውን ባር እንደሚመርጡ አሳይቷል። ክሪስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ጊዜው እኩል ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ የሚፈጥን ባር ለሰው ያጠረ እንደሚመስለው፣ መጨረሻ ላይ የሚቆም ደግሞ የረዘመ እንደሚመስለው አገኙ። ይህን ውጤት ይዞ ባሩን መጨረሻ ላይ እንዲሮጥ የሚያስተካክል አለ። ያንን አልቃወምም። የምቃወመው ከሥራው ጋር ጭራሽ የማይገናኘውን ባር ነው፤ በሰዓት ቆጣሪ ብቻ ተገፍቶ 99 ላይ ይደርስና እዚያ ቁጭ ይላል። ያ ባር አንድ ጊዜ የዋሸው ሰው ቀጥሎ የሚያየውን እውነተኛ ባርም አያምንም። ፐርሰንቱን ካላወቃችሁ ደረጃውን ተናገሩ፤ "1. ተቀብለናል፣ 2. እየተሰላ ነው፣ 3. ፋይሉ እየተዘጋጀ ነው"። ሦስቱም ሰርቨሩ በእርግጥ የሚያውቃቸው ናቸው።

ፎቶና ሰነድ መላክ ላይ ግን ፐርሰንት በደንብ ይሠራል፣ የፋይሉ መጠንና የሄደው ልክ ስለሚታወቅ። እዚህ ጋ ለዴቨሎፐሮች አንድ ነገር ልበል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ፌች የሚባለው አዲሱ የመላኪያ መንገድ ሲልክ ስንት ባይት እንደሄደ አይነግራችሁም። አሮጌው ኤክስኤምኤልኤችቲቲፒሪኩዌስት ግን ይነግራል። ብዙ ሰው አዲሱን ስለለመደ ያንን ትቶ ክብ ያዞራል። ለዚህች ሥራ ብቻ ወደ አሮጌው ተመለሱ። "ከ5 ሜጋባይት 1.8 ተልኳል" የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ቁጥሩ እየጨመረ እስከሆነ ድረስ ይጠብቃል፤ ካቆመ ደግሞ ኔትወርኩ እንደሆነ ራሱ ይገባዋል፣ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ፎቶውን ስልኩ ላይ አሳንሳችሁ ብትልኩት ደግሞ የሰውን ፓኬጅ ታተርፋላችሁ። አንድ ወጥመድ አለ፤ ባሩ መቶ ሲሞላ ሰርቨሩ ገና መሥራት እየጀመረ ሊሆን ይችላል። መቶ ላይ ቆሞ የቀረ ባር ከምንም በላይ ያስደነግጣል። መቶ ሲሞላ ባሩን አንሱትና "ፎቶው ደርሷል፣ እየተረጋገጠ ነው" በሉ።

አሁን ደግሞ ደቂቃዎች ስለሚወስደው ሥራ። ሰውን አንድ ገጽ ላይ አስሮ ማስጠበቅ እዚህ ላይ አያዋጣም፣ ቴክኒኩም አይፈቅድም። ኤንጂንኤክስ (ከአፑ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚቀበለው ሶፍትዌር) ሴቲንጉ ካልተነካ ከኋላው ያለው አፕ 60 ሰከንድ ድምፅ ካላሰማ ይቆርጠውና በእንግሊዝኛ 504 የሚል ነጭ ገጽ ያወጣል። ሪፖርቱ ከጀርባ እየተሠራ ነው፣ ተጠቃሚው ግን የሚያየው የወደቀ ገጽ ነው። መፍትሔው ሥራውን ተቀብሎ ወዲያው መልስ መስጠት ነው። ኤችቲቲፒ ለዚህ 202 የሚል ቁጥር አለው፤ ተቀብያለሁ፣ ገና አልጨረስኩም እንደማለት ነው። ሰርቨሩ ለሥራው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሥራው ከጀርባ ይቀጥላል፣ ገጹ ደግሞ በየጥቂት ሰከንዱ "የት ደረሰ?" እያለ ይጠይቃል።

ያ መለያ ቁጥር አድራሻው ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ዳታ ያልቃል፣ ስልክ ይደወላል። ሰውዬው ሲመለስ ያንኑ ገጽ ከፍቶ "ሪፖርትዎ 10:42 ላይ አልቋል፣ እዚህ ያውርዱት" የሚል ካገኘ፣ ቀጣዩን ጊዜ ሳይፈራ ገጹን ዘግቶ ሌላ ሥራውን ይሠራል። "ይህን ገጽ እንዳይዘጉ" የሚል ማስጠንቀቂያ ባየሁ ቁጥር ሥራው ወደ ተጠቃሚው እንደተገፋ ይሰማኛል።

በየጥቂት ሰከንዱ መጠየቅ አሮጌ ዘዴ ነው፣ ዌብሶኬት (ሳይዘጋ ክፍት የሚቆይ ግንኙነት) ይሻላል የሚሉ አሉ። ለቻት ልክ ናቸው። ለሪፖርት ግን አጭር ጥያቄና አጭር መልስ በደካማ ኔትወርክ ላይ ይበልጥ ይበረታል፤ አንዱ ቢወድቅ ቀጣዩ ይሳካል። ረጅም ግንኙነት ግን ሳይታወቅ ተቋርጦ፣ ገጹ ዝም ብሎ እየጠበቀ ሊቀር ይችላል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ፣ ገንዘብ።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ፣ ኤምፔሳም ነሐሴ 2015 ከተጨመረ ወዲህ፣ የባንኮቹም አፕ ሲታከልበት፣ በስልክ መክፈል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ካፌ ውስጥ ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ደንበኛው ስልኩን ይዞ ካሸሯ ፊት ቆሟል። ክቧ ትዞራለች። ከኋላው ሰልፍ አለ። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ "ስህተት ተፈጥሯል፣ እንደገና ይሞክሩ"።

"ከኔ ተቆርጧል እኮ" ይላል።

"እኛ ጋ አልገባም ወንድም፣ ሜሴጁ ገና ነው። እስቲ ድጋሚ ይሞክሩት።"

"ሁለቴ ቢቆረጥብኝስ?"

እሷም ልክ ነች፣ እሱም ልክ ነው። ጥፋተኛው ያ ቀይ ጽሑፍ ነው። አፑ መልስ ጠብቆ ሳይመጣለት ሲቀር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልስ አለመምጣቱን። ክፍያው አልሄደ ይሆናል። ሄዶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ባንኩ ጋ ተራ እየጠበቀም ይሆናል። ይህን ሁሉ "ስህተት" ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም፣ "እንደገና ይሞክሩ" ብሎ መምከር ደግሞ የሰውን ገንዘብ አደጋ ላይ መጣል ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የሚነካ ማንኛውም ገጽ ሦስት መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ተሳክቷል፣ አልተሳካም፣ ገና አልታወቀም። ሦስተኛውን የሚረሱት ብዙ ናቸው። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፤ "የ350 ብር ክፍያ ጥያቄዎን ልከናል፣ ከባንኩ መልስ ገና አልመጣም። እባክዎ ድጋሚ አይክፈሉ። መልሱ ሲመጣ በኤስኤምኤስ እናሳውቅዎታለን። የክፍያ ቁጥርዎ ይህ ነው።" ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ገንዘቡ የት እንዳለ በማያውቅበት ሰዓት ግን እያንዳንዷን ቃል ያነባል።

ከጀርባውም ሥራ አለ፣ ያለ እሱ ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም። ገጹ ክፍያውን ከመላኩ በፊት ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚሆን ቁጥር ይፈጥርላታል። ሰውዬው ተደናግጦ ድጋሚ ቢነካ፣ ኔትወርኩ ራሱ ቢደግመው፣ ያው ቁጥር ይሄዳል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ሲያይ ይህችን አውቃታለሁ ብሎ የመጀመሪያዋን መልስ ይመልሳል እንጂ ሁለተኛ አይቆርጥም። አይደምፖተንሲ ኪይ የሚሉት ይህንን ነው፣ ስትራይፕን የመሰሉ የክፍያ ድርጅቶች ኤፒአዮች (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው መንገዶች) የሚሠሩት በዚህ ነው። ይህ ካለ ካሸሯ "ድጋሚ ይሞክሩት" ስትል የሚያስፈራ ነገር አይኖርም። በተኑን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግ በተኑ ተመልሶ ይከፈታል።

ሰዉ "ሜሴጅ ገባ?" እያለ የሚጠይቀውም በምክንያት ነው። ኤስኤምኤሱ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ አፑ ቢዘጋም ይመጣል፣ ዳታ ባይኖርም ይመጣል። ለረጅም ሥራ ሁሉ ይህን መንገድ ተጠቀሙበት። ስክሪንሹት ግን መልስ ሆኖ እንዲያገለግል አታድርጉት፤ የ"ተልኳል" ስክሪንሹት ገንዘቡ መድረሱን አያረጋግጥም። ነጋዴዎች ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል።

ልክ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ቦታም አለ። ላይክ ሲነካ፣ ዕቃ ወደ ቅርጫት ሲገባ፣ መልሱን ሳትጠብቁ እንደተሳካ አሳዩት፣ ካልተሳካ ወደነበረበት መልሱት። የሚጎዳ ሰው የለም።

ስለ ኔትወርክም አንድ ነገር ልጨምር። ብራውዘሩን "ኦንላይን ነን?" ብላችሁ ብትጠይቁት አዎ የሚለው ስልኩ ከዋይፋይ ወይም ከኔትወርክ ጋር ስለተያያዘ ብቻ ነው። ዋይፋዩ ኖሮ ኢንተርኔቱ ባይኖርም አዎ ይላል። የለም ሲል እመኑት፣ አለ ሲል ግን ከራሳችሁ ሰርቨር መልስ መምጣቱን እዩ። ሰውም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። በየቢሮው "ሲስተም የለም" ሲባል ኖረን፣ ኔትወርኩ ይሁን ሰርቨሩ ይሁን ሌላ ማንም አይነግረንም። "ስልክዎ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም" እና "የኛ ሰርቨር ተጨናንቋል፣ ጥያቄዎ ግን ተቀምጧል" የተለያዩ ናቸው፣ ሰውዬው ቀጥሎ የሚያደርገውም ይለያያል።

ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎች ደግሞ የምትዞረዋ ክብ ጭራሽ የለችም። ስክሪን ሪደሩ (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) አዲስ ጽሑፍ እንደመጣ እንዲያነብላቸው ጽሑፉ የሚቀመጥበት ሳጥን አሪያ-ላይቭ የሚባለው ምልክት ያስፈልገዋል፣ "ፖላይት" ብላችሁ ስጡት፣ ሌላ ነገር እየተነበበ ከሆነ አያቋርጥም። ሰከንድ ቆጣሪውን ግን እዚያ ውስጥ አታስገቡት፣ በየሰከንዱ ይጮህባቸዋል።

"ሰርዝ" የሚል በተን ካስቀመጣችሁ በእውነት ይሰርዝ። ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ገጹ መጠበቁን እንዲተው ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ግን ሥራውን ይቀጥላል። መሰረዝ ካልቻላችሁ በተኑን አንሱት።

ይህን ሁሉ በቢሮ ፈጣን ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አታዩትም። ክሮም ውስጥ የዴቨሎፐሩን ሳጥን ከፍታችሁ፣ ኔትወርክ የሚለው ላይ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዱት። ከዚያ እንደ ችኩል ሰው ሁኑ። በተኑን ሁለቴ ንኩ። መሀል ላይ ሪፍሬሽ አድርጉ። ታቡን ዘግታችሁ ተመለሱ። የገንዘብ ገጽ ከሆነ ደግሞ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ኔትወርኩን ጭራሽ ዝጉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱና ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። "እንደገና ይሞክሩ" ካለ ወደ ኮዱ ተመለሱ።